ዓይኑ ያረፈበት ገጽ

ባለፈው ሳምንት ያቆምኩላችሁ ባለጊታሩ የማተሚያ ክፍሉን በር ክፍት ትቶ ሲወጣ ነው። በኃይል ቢያላጋው ይሻለኝ ነበር። የተላጋ በር ንዴት ነው፣ ንዴት ደግሞ ይበርዳል፤ ክፍት የተተወ በር ግን ምን ማለት እንደሆነ ማንም አስተምሮኝ አያውቅም ነበር።

ዛሬ ለተቀላቀላችሁን ነገሩን ባጭሩ ላስይዛችሁ። የመጨረሻ ዓመት የዲዛይን ተማሪ ነበርኩ። ጓደኞቼ «መቀስ» ይሉኛል፤ አንድም እናቴ ልብስ ሰፊ ስለሆነች፣ አንድም እጄ የገባ ፎቶ ሳይቆረጥ ስለማይወጣ። የመመረቂያ ሥራዬ ከሽፋን እስከ ሽፋን ራሴ የማዘጋጀው የፖፕ ሙዚቃ መጽሔት ነበር። ስሙን «ድምፁን ጨምሩ» አልኩት። እናቴ ይህን ስትሰማ ጎረቤቶቻችን የሚለምኑኝ ተቃራኒውን እንደሆነ አስታወሰችኝ።

ባለጊታሩ ከግቢያችን ማዶ ምሕንድስና ይማራል። አባቱ ከከተማው ረጃጅም ሕንፃዎች ግማሹን የሠሩ ኮንትራክተር ናቸው ይባላል፤ ወሬው ግማሹ ውሸት ቢሆን እንኳ የቀረው ይበቃል። ልጁ የሚማረው ለአባቱ ነው፣ የሚኖረው ግን ጊታሩን ሲይዝ ነው። ለመጽሔቴ ዋና ታሪክ እሱን ስጠይቀው እምቢ አለ። ለመንኩት፣ ደጅ ጠናሁት። በመጨረሻ እሺ ሲል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«እንዳለሁ ታነሺኛለሽ? ሳታሳምሪኝ፣ ሳትቀይሪኝ?»

መቀስ እንጂ ሜካፕ አይደለሁም አልኩት። ሳቀ። ያን ሳቅ ነው እንግዲህ እስከ ዛሬ የምከፍልለት።

አሁን ወደ ኋላ ዞር ብዬ ሳየው እንደዚያ መጽሔት የተደሰትኩበት ሥራ የለኝም። ተማሪዎችን በየኮሪደሩ እየያዝኩ ምን ማንበብ እንደሚፈልጉ ጠየቅኩ፤ አንዱ ስለ ድምፅ ማጉያ፣ ሌላዋ ስለ ዘፋኞች ጸጉር ቢሉም፣ ሁሉም በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማን ማንን እንደሚወድ ቢጻፍ ደስ ይለን ነበር ይላሉ። የሽፋኑን ፊደል ስንቴ እንደቀያየርኩት አትጠይቁኝ። ቀለሞቹን ደግሞ የመረጥኩት ከኮምፒውተር ሳይሆን ከእናቴ የክር ሳጥን ነው። ጥቅሎቹን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ እደረድራለሁ፣ ባለጊታሩ አንድ ዜማ ይጫወታል፣ ዜማው የመሰለኝን ቀለም አነሳለሁ። ብርቱካናማው ወዲያው አለፈ፣ ሰማያዊው ተከተለው። ቀዩን ወድጄው ሳለ የት እንደማውለው ስላላወቅኩ ወደ ጎን አስቀመጥኩት።

የሙያውን ምሥጢር የነገርኩትም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰው ገጽ ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው ፊት ነው፤ ቀጥሎ ያ ፊት ወደሚያይበት ይሄዳል። ስለዚህ ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው ወደ ጽሑፉ ማየት አለበት፣ አለዚያ አንባቢውን ይዞት ከመጽሔቱ ይወጣል። «ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ከሁሉ በላይ ልትናገር የምትፈልገውን ታስቀምጣለህ» አልኩት።

«እኔ አሁን ወዴት ነው የማየው?» አለኝ።

እኔን ነበር የሚያየው። ክር ወደቀብኝ ብዬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። የወደቀ ክር አልነበረም፤ እዚያ ሥር ሆኜ ግን ለብቻዬ ስስቅ ቆየሁ።

ፎቶውን ያነሳሁት የትምህርት ቤታችን ጣሪያ ላይ ነው። ጊታሩን ይዞ፣ ፊቱን ወደ ጣቶቹ መልሶ፣ ሰው መኖሩን ረስቶ ሲጫወት። ገጹን ስሠራ ችግር ገጠመኝ። መምህራችን ዋናው ጽሑፍ ሁልጊዜ በቀኝ ገጽ ይጀምር ይላል። ፎቶው በግራ ገጽ ዋለ፤ ልጁ ደግሞ ወደ ግራ ስለሚያይ ፊቱን ለጽሑፉ ነስቶ ሊሄድ የተነሳ መሰለ። እንደ መስታወት ምስል አዞርኩት። አንዲት ጠቅታ ናት፤ እኛ ዲዛይነሮች በቀን ስንት ጊዜ እንደምናደርጋት አናስተውልም። ወዲያው ወደ ጽሑፉ አየ፣ ገጹ አማረ፣ መምህራችንም ከሥራዬ ሁሉ ያንን ጥንድ ገጽ አመሰገነ።

የሙከራው ቅጂ ከማተሚያው ትኩሱን ሲወጣ ባለጊታሩን ጠርቼ ገልጬ አሳየሁት። ፈገግታውን ስጠብቅ ፊቱ ቀስ እያለ ከሰመ።

«ይሄ እኔ አይደለሁም» አለ።

ያፈረ መስሎኝ፣ አንተ ነህ እንጂ፣ ያውም ቆንጆው አልኩት። መጽሔቱን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠው። «አባቴ ይሄን ቢያይ...» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ወጣ። ክፍት የቀረው በር ይኸው ነው።

እሱ ያልጨረሰውን እኔ ጨረስኩለት። ለዚህም ምክንያት ነበረኝ። አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል በአባቱ መኪና ሸኝተውኛል። አባትየው በመስታወቱ አሻግረው አዩኝና፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ፣ «የማን ልጅ ናት?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁት። እሱ አፉን ሲከፍት ስልካቸው ጮኸ፤ ጥያቄው እንደተንጠለጠለ ቀረ። እንግዲህ አባቴ ይሄን ቢያይ ማለት ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የልብስ ሰፊ ልጅ በሠራችው የተማሪ መጽሔት ላይ ፊቴን ቢያይ ያፍርብኛል ማለት ነው። ዐረፍተ ነገሩን እንዲህ አድርጌ ዘመዘምኩትና ለብሼው ዋልኩ።

ኩርፊያ ላይ አልታማም። እሱ አልደወለም፣ እኔም አልደወልኩም። እናቴ ምን ሆንሽ ስትለኝ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ፤ ግን የአንድ ደንበኛ ጥቁር ሱሪ በብርቱካናማ ክር ሰፍቼ ስትይዘኝ ሆድም የማይፈጀው ነገር እንዳለ ገባት። ሱሪውን እየተረተረች፣ ፈጣሪ ሳይደግስ አይጣላም፣ ድግሱን ግን በሰው ሱሪ ላይ አታብስዪው አለችኝ።

መጽሔቶቻችን ለቤተሰብና ለእንግዳ የሚታዩበት ዓርብ እየቀረበ ነበር። ያንን ገጽ ካወጣሁት መጽሔቴ ልቡ የወጣ ገላ ይሆናል። ከተውኩት ደግሞ የሚያፍርበትን ፊቱን በሙሉ አዳራሽ ፊት አሰጣዋለሁ። ከሁለቱም በላይ የፈራሁት ግን እሱን ማጣት ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ለእናንተ ግን ተናገርኩትና ቀለለኝ።

ሐሙስ ጠዋት እናቴ ጋ የወንድ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከልኩ ሳለ ያ መኪና በራችን ላይ ቆመ። የወረደችው የባለጊታሩ እናት ነበረች። ፎቶዋን አሳይቶኝ ስለነበር አልሳትኳትም፤ እሷ ግን እኔን የምታውቅበት ምክንያት አልነበረም። ለግብዣ የምትለብሰውን ቀሚስ ልታሰፋ ነው የመጣችው። «ቀሚሱ እኮ አልጠበበም፣ እኔ ነኝ የሰፋሁት» ብላ እናቴን አሳቀቻት። በርጩማው ላይ ወጥታ ቆመች፤ እናቴም አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ ከእግሯ ሥር ተንበረከከች። እናቴ በሕይወቷ ለስንት ሰው ጠርዝ እንዲህ ተንበርክካለች፣ ከፍቶኝም አያውቅም። የዚያን ቀን ግን ከፋኝ። አንገቴን ደፍቼ ቁልፌን መትከል ቀጠልኩ።

በስፒል የተከበበ ሰው መንቀሳቀስ ስለማይችል ያወራል። ይህን ልብስ ሰፊ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የእናቴ ሥራ ስለ ልጆች መጠየቅ ነው፣ ጠየቀች። ሴትየዋ ልጇ ሰሞኑን ጊታሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ እንደተወው፣ ቤቱም ጭር እንዳለባት ነገረቻት። ቀጥላም እንዲህ አለች፦

«ልጅ እያለ ሁሉን በግራው ነበር የሚያደርገው። አባቱ ሰው ይስቅበታል ብሎ ፈራ። ማንኪያውንም እርሳሱንም ከግራው እየነጠቀ ወደ ቀኙ ያዞርለት ነበር። እጁን በመሀረብ ከወንበር ጋር ያሰረበት ቀንም አለ። በክፋት አይደለም፣ እሱንም እንደዚያ ነው ያሳደጉት። ዛሬ በቀኙ ይጽፋል፣ በቀኙ ይበላል። ጊታሩን ብቻ እምቢ አለ። ክሮቹን ፈትቶ፣ አቀማመጣቸውን ራሱ ገልብጦ አሰራቸው። እዚያ ላይ ብቻ ማንም አላዞረውም።»

መርፌዬ ቆመ። እጄ ላይ ያለውን ሸሚዝ አየሁት። የወንድ ሸሚዝ ቁልፉ በቀኝ በኩል ነው፣ የሴት በግራ። እኔ ፎቶውን አዙሬ መጽሔቴ ላይ የሴት ሸሚዝ አልብሼው፣ በቀኙ አስጫውቼው፣ ማማሩን እያደነቅኩ ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ማለት ይህ ነው። ስንት ሳምንት በግራው ሲጫወት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ቀለም መርጫለሁ፤ እንዳለህ አነሳሃለሁ ብዬም ቃል ሰጥቻለሁ። ቃሌን በአንዲት ጠቅታ በላሁት። ለካ ያን ቀን አባቴ ይሄን ቢያይ ደስ ይለው ነበር፣ ይኸውልህ ተቃናልህ ይል ነበር ማለቱ ነው። አባቱ በመሀረብ ያልቻሉትን እኔ በኮምፒውተር ጨረስኩት። እንባዬ ሸሚዙ ላይ ጠብ አለ፤ መርፌ ወጋኝ ብዬ ጣቴን አፌ ውስጥ ከተትኩ።

ሴትየዋ ልብሷን ቀይራ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዓርብ ነው አይደል መጽሔቱ የሚታየው?» አለችኝ።

መርፌዬን ሸሚዙ ላይ ሰክቼ ተነሳሁ።

«ቀሚሴን የሚያሰፋልኝ ሰው ሰፈሬም አለ እኮ፣ ልጄ። ስለ መቀስ አፉን ሞልቶ ያወራ የነበረ ልጅ በአንዴ ዝም ሲል፣ እናት ዝም ብላ ትቀመጣለች?»

ያን ጊዜ የመጣልኝን ድፍረት ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ዓርብ ነው፣ ጋሼንም ይዘዋቸው ይምጡ አልኳት። መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ በራችን ላይ ቆሜ ነበር፤ ፍርሃትና ደስታ አንድ ወንበር ላይ ተጋፍተው የተቀመጡብኝ ያኔ ነው።

ሮጬ ትምህርት ቤት ደረስኩ። የማተሚያ ክፍሉ ኃላፊ ለመጨረሻው እትም ያለኝ ጊዜ እስከ ማምሻው እንደሆነ ነግሮኝ፣ ዲዛይነር ሁሉ ሥራውን የሚያስታውሰው በሐሙስ ነው እያለ አጉረመረመ። ፎቶውን ከፈትኩና ያቺኑ ጠቅታ መለስኳት። ባለጊታሩ ወደ ራሱ ተመለሰ። የሸሚዙ ቁልፍ ቦታው ገባ፣ ግራ እጁ ክሮቹን መታ፣ ቀኝ እጁ የጊታሩን አንገት ያዘ። ፊቱ ግን እንደገና ወደ ውጭ አየ።

ስልኬን አንስቼ ይቅርታ መጻፍ ጀመርኩ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ቃል ለኔ አይታዘዝልኝም፤ የኔ አፍ ገጽ ነው። ደግሜ ሳየው ነገሩ እንደ ሕፃን ጨዋታ ቀላል ሆነብኝ። ሰውየውን ከማዞር ገጾቹን ማለዋወጥ ይቻል የለ? ፎቶውን በቀኝ፣ ጽሑፉን በግራ። የመምህራችን ሕግ ይፈርሳል፣ ከውጤቴም ሊቆረጥ ይችላል፤ ይቆረጥ፣ ስሜስ መቀስ አይደል።

ቀጥሎ ዓይኑ የሚያርፍበትን ቦታ ፈለግኩ። ማስመሪያ አስደግፌ ከዓይኑ ተነስቼ፣ የገጾቹን መሐል አቋርጬ፣ ጽሑፉ መሐል ደረስኩ። እዚያ ላይ ያሉትን መስመሮች ገፋፍቼ ትንሽ ነጭ ቦታ ከፈትኩ። የሠሪው ስም በትንሽ ፊደል የሚቀመጠው መጨረሻው ገጽ ላይ ነው፤ ማንም አያነበውም። ከዚያ አንስቼ እዚህ አመጣሁት። «መቀስ» ብቻ። ቀለሙን እንደ እናቴ ቀይ ክር አደረግኩት። ማተሚያው መንኳኳት ሲጀምር ልቤም አብሮት ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

ዓርብ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እናቴ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ሜትሯን ግን አንገቷ ላይ ረስታው መጣች። ላወልቅላት ስል እንግዶቹ መግባታቸውን አየሁና ተውኩት። ኮንትራክተሩ ከፊት፣ ባለቤታቸው የሰፋውን ቀሚሷን ለብሳ ከጎን፣ ባለጊታሩ ከኋላ። ልጁ በሩ አጠገብ ቀረ። አባትየው በየጠረጴዛው ያለውን እያዩ እኔ ጋ ደረሱ። መጽሔቴን አገላብጠው ያ ገጽ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወጡ። ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ።

«አሁንም በግራው ነው እንዴ የሚጫወተው?» አሉ ወደ ባለቤታቸው ዞረው።

«ቤታችን ውስጥ እኮ ነው የሚጫወተው» አለቻቸው።

«በሩን ዘግቶ ነው» አሉ። ድምፃቸው ሕንፃ የሚሠራ ሰው ድምፅ አልነበረም። ገጹን የሠራው ማን እንደሆነ ጠየቁ። እኔ ነኝ አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ፣ መኪናው ውስጥ እንዳዩኝም አስታወሱ መሰለኝ፤ ያንኑ ጥያቄ ደገሙት። «የማን ልጅ ነሽ?»

እኔ ከመመለሴ በፊት እናቴ ሜትሯን እንዳንጠለጠለች ከጎኔ ቆመች። «የኔ ናት» አለች።

ኮንትራክተሩ ሜትሩን አዩ፣ የባለቤታቸውን ቀሚስ አዩ፣ እኔን አዩ። «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ።

ዝም ብዬ አሜን ማለት እችል ነበር። አስተዳደጌም እንደዚያ ነው። አፌ ግን ቀደመኝ።

«የትኛው እጅ ይሁን፣ ጋሼ?»

እናቴ ከኋላዬ ቆነጠጠችኝ። ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው በትከሻዬ አልፎ በሩ አጠገብ የቆመው ልጃቸው ላይ አረፈ፤ እኔም ዓይናቸውን ተከትዬ ዞርኩ።

«ሁለቱም» አሉ። «ሁለቱም ይባረኩ።»

ባለጊታሩ ሰዉን እየሰነጠቀ መጣ። አባትየው አጠገባቸው ሲደርስ ግራ እጁን አንስተው በሁለት እጃቸው ጨበጡት፤ ከዚያ ለእናቴ ስለ ስፌት አንድ ነገር እየጠየቁ ራቅ አሉ። እሱና እኔ በመጽሔቱ ፊት ቀረን። ገጹን አየው። ቁልፉን፣ ክሮቹን፣ እጁን አየ። ከዚያ የግራ እጁን ጣት ፎቶው ዓይን ላይ አደረገና ቀስ እያለ ወደ ግራ ወሰደው። የገጾቹን መሐል አቋርጦ ነጩ ቦታ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ስምሽ መጨረሻ ገጽ ላይ አልነበረም?» አለኝ።

«ነበር።»

«እዚህ ምን ይሠራል?»

«ዓይንህ የሚያርፈው እዚህ ነው» አልኩት። ከዚያ ስልኬ ላይ ስጽፍና ሳጠፋ የዋልኩት ሁሉ በራሱ ወጣ። «እንዳለህ አነሳሃለሁ ብዬ አዞርኩህ። አላየሁህም ነበር። ስወድህ እንኳ አላየሁህም። አሁን አየሁህ።»

እሱ ጣቱን ከስሜ ላይ ሳያነሳ፣ «እኔ ስጫወት በር እዘጋለሁ» አለ። «ያን ቀን ክፍት የተውኩት ትከተይኛለሽ ብዬ ነበር። ደረጃው ላይ ቆሜ ጠበቅኩሽ።»

እኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ የበሩን ትርጉም ስፈታ፣ እሱ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሳቄና እንባዬ እኩል መጡ፤ የትኛውን እንደማስቀድም ግራ ገባኝ።

ይህን ጊዜ መምህራችን ውጤት መስጫውን ይዞ ከኋላችን ደረሰ። ዋናው ጽሑፍ በቀኝ ገጽ ይጀምራል ብሎ አልነበረም? ያ ባዶ ቦታስ ምንድነው? ይህ ሁሉ ጥያቄ ሲወርድብኝ ባለጊታሩ በግራ እጁ እጄን ያዘ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በእናቴና በአባቱ ፊት።

«ሰውየው እንዲህ ስለሆነ ነው» አልኩት መምህሩን። ስንት እንደሰጠኝ አላየሁም፤ ወረቀቱን ለመቀበል እጄን ማስለቀቅ ነበረብኝ፣ እሱን ደግሞ ደስታዬ አልፈቀደልኝም።